የሰማይ ተጠሪ

በዚህ አገር አንድ ነገር ለምን እንደሚሆን ካወቃችሁ ዝም በሉ! አደራ... ዝም! መብራት ለምን እንደሚጠፋ ለጎረቤቱ ያስረዳ ሰው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር በሩ ይንኳኳል። «ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አድርገንዎት ነው?» ይባላል። እኛ ዘንድ አስረጂና አድራጊ አንድ ሰው ነው።

እኔን ያየ ይቀጣ! እኔ ያስረዳሁት መብራት አይደለም፤ ወቅቶች ለምን እንደሚፈራረቁ ነው። ለተማሪዎቼ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፣ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚያው ነው። እኔ ግን ሳይቸግረኝ ጤፍ ብድር ብዬ፣ ምሳ እየበላሁ፣ ለአማቴ አስረዳሁ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ግን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም አለ፣ የእኔ ጣጣ ደግሞ ሁልጊዜ ቶሎ የሚታወሰኝ ይሄኛው መሆኑ ነው።

ለማታውቁኝ፣ እኔ አምቦ ከተማ ጂኦግራፊ የማስተምር፣ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ብርድ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ለሊሴ የዚሁ አገር ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ ከጊንጪ ወጣ ብሎ ደንዲ ውስጥ ያርሳሉ፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። እነሱ ፕሮቴስታንት፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ፆም ሲገባ እኛ ቤት ሁለት ድስት ይጣዳል። ይህን ያነሳሁት ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው፣ ያዙልኝ።

ሌላም የምትይዙልኝ አለ። ኦቦ ቶሎሳ ኳስ ይወዳሉ። አምቦ ብቅ ባሉ ቁጥር እኛ ቤት ቁጭ ብለን እናያለን። እኔ እንደ ልማዴ «ዛሬ እነዚህ ያሸንፋሉ፣ ምክንያቱም...» ብዬ ትንታኔዬን እጀምራለሁ። ያልኳቸው ይሸነፋሉ። ሁሌም! ኦቦ ቶሎሳ አንድ ቀን እንኳ ስቀውብኝ አያውቁም፤ ኮፍያቸውን አንስተው «እንግዲህ ልሂድ ሶዳ» ይላሉ። ሶዳ በኦሮምኛ አማች ማለት ነው እንጂ የሚጠጣው አይደለም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ። ኦቦ ቶሎሳ የወለዱት ሴት ብቻ ነው። ልጆቹ አንድ በአንድ እየተዳሩ ሄደው፣ ባለቤታቸውም ካረፉ ወዲህ፣ ከአባቷ ጋር የቀረችው የመጨረሻዋ ሲፈን ብቻ ነበረች። እሷም እጮኛ አገኘች። አብዲ ይባላል፤ የእጃጂ ልጅ ነው፣ ሸነን ከተማ በጤና ሙያ ይሠራል፣ ጨዋ፣ ዓይን አፋር፣ አማቱን ሲያይ ዓይኑን የት እንደሚያደርግ የሚጠፋው ልጅ። ታዲያ ጥር ላይ አንድ እሁድ ዘመድ አዝማዱ ደንዲ ተሰብስቦ ምሳ እየበላ «ሠርጉ መቼ ይሁን?» ተባለ።

አብዲ ፈቃድ የሚያገኘው መጋቢት ላይ ነው። መጋቢት ደግሞ ዓቢይ ፆም ነው፤ እኛ ኦርቶዶክሶቹ በፆም አንዳርም። ስለዚህ ጥር ላይ የምንራኮትበት ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ ቪዲዮ ቀራጭ፣ የሙሽራ መኪና ሁሉ መጋቢት ላይ ሥራ ፈትቶ ዝንብ ያባርራል። ፕሮቴስታንት ዘመዶቼ ይህቺን ክፍተት ካወቋት ቆይተዋል! ጥር ላይ «ተይዟል» ብሎ ስልክ የሚዘጋባችሁ ባለ ዲኮር፣ መጋቢት ላይ ራሱ ደውሎ «እናንተ ሰፈር የሚዳር የለም እንዴ?» ይላል። ሁሉም መጋቢትን ወደደ። ያመነቱት ኦቦ ቶሎሳ ብቻ ናቸው።

«መጋቢት አርፋሳ ነው» አሉ። አርፋሳ ማለት ከበጋው ቀጥሎ የሚመጣው የበልጉ ወቅት ነው። «ዝናብ ቢመጣስ?»

የጊንጪን ጥቁር አፈር የማታውቁ ሰዎች ይህ ጥያቄ አይገባችሁም። ኮትቻ ይባላል። ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ ሲርስ ደግሞ... ጫማችሁን ተቀብሎ አይመልስም! ከአስፋልቱ እስከ ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ያለው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኮትቻ ነው። ከዘነበ መኪና አይወጣም። መኪና ካልወጣ ሙሽሪት አትሄድም። እጃጂ ላይ ደግሞ የአብዲ ወገን ደግሶ፣ በር ላይ ቆሞ «መጣች፣ መጣች» ይላል። ሙሽራ ጠብቆ ያጣ ቤት ቂሙ ለልጅ ልጅ ነው።

ሰው ሁሉ ዝም አለ። ዝም ሲል ጊዜ ምላሴን በላኝ። አማች ተሰብስቦ ሲጨነቅ የተማረ ሰው ዝም ይበል? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ተነሣሁ።

ከትሪው ላይ አንድ የተቀቀለ ድንች አንስቼ፣ ከኪሴ የጥርስ መፋቂያዬን አውጥቼ በመሃሉ ሰካሁበት። ለሊሴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ እርስዎ ፀሐይ ነዎት» አልኳቸው።

«እኔ?»

«አዎ። ዝም ብለው ይቀመጡልኝ። ፀሐይ ከቦታዋ አትነሣም፤ የምትዞራት ምድር ናት።»

«እሺ። ምሳዬን ግን እበላለሁ።»

«ይብሉ፣ ችግር የለውም። ይቺ ድንች ምድር ናት። አያችኋት? ቀጥ ብላ አትቆምም፣ ዘመም ብላ ነው የምትዞረው። ወቅት የሚፈራረቀው በዚህች በመዝመሟ ነው እንጂ ወደ ፀሐይ ቀርባ ወይም ርቃ አይደለም።»

«ምን ነክቷት ዘመመች?»

«ተፈጥሮዋ ነው።»

«የእኔም ቤት ዘሟል» አሉ ኦቦ ቶሎሳ፤ «እሱን ግን ተፈጥሮው ነው የሚለኝ አላገኘሁም።»

ሳቁ። እኔ ግን ሳቅ የሚያቆመኝ ሰው አይደለሁም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እየተሳቀብኝ አስተምሬያለሁ። ድንቼን ይዤ አማቴን መዞር ጀመርኩ። አስቡት እስቲ! አማት ፊት ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር በሆነበት አገር፣ ጎልማሳው ሰውዬ ድንች በመፋቂያ ይዤ አማቴን በወንበራቸው ዙሪያ እሽከረከራለሁ!

«ሰኔ፣ ሐምሌ... ፀሐይ ለእኛ ወደ ሰሜን የወጣች ትመስላለች። ዝናብ የፀሐይ ሎሌ ነው፤ ተከትሏት ይመጣል። ክረምት ሆነ! መስከረም ላይ እመቤቲቱ ወደ ደቡብ ትመለሳለች፣ ሎሌውም ጓዙን ጠቅልሎ ይከተላል። ሰማዩ ይጠራል። ታኅሣሥ፣ ጥር... በጋ! አሁን ዝናቡ የት ነው? ታንዛኒያ!»

«ታንዛኒያ!» አለ ቤቱ በሙሉ። እውነት ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ የተደመጥኩበት ቀን የለም። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ከዚያ ምድር እየዞረች፣ እየዞረች መጋቢት ላይ ስትደርስ...»

የተቀቀለ ድንች ናት አላልኳችሁም? መጋቢት ላይ ስትደርስ ለሁለት ተገመሰች። ግማሿ ወለል ላይ ወደቀች። ቡቺ የሚባለው የኦቦ ቶሎሳ ውሻ በር ላይ ተኝቶ ነበር፤ ብድግ አለ፣ ምድርን ዋጠ፣ ተመልሶ ተኛ። መፋቂያው ብቻ እጄ ላይ ቀረ።

ጉዱን ተመልከቱ! የበልግ ዝናብ ሌላ ጠባይ እንዳለው፣ ከምሥራቅ ከውቅያኖሱ በኩል እርጥበት ሲነሣ ባሰኘው ቀን እንደሚጥል፣ ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊናገርለት እንደማይችል የማስረዳው እዚያች ላይ ነበር። ግን ምድር ቡቺ ሆድ ውስጥ ናት፤ ምን ይዤ ላስረዳ?

«እና መጋቢት ላይ ምን ሆነ?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«እ... መጋቢት ላይ... ዋናው ዝናብ ገና መንገድ ላይ ነው። ከባድ ዝናብ... አይጠበቅም።»

ኦቦ ቶሎሳ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ውሃ የምታስታጥበውን ሲፈንን አዩ። ከዚያ ተመልሰው እኔን አዩ።

«አይዘንብም ነው የምትለው?»

«አይጠበቅም።»

«እንግዲህ መጋቢት ይሁን» አሉ፤ «ቲቸር ብሏል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! እኔ «አይጠበቅም» ያልኩት ነገር ከግቢው ሳይወጣ «አይዘንብም» ሆነ። ጊንጪ ሲደርስ «ቲቸር አይዘንብም ብሎ ፈርሟል» ተባለ። እኛ አምቦ ሳንገባ ደግሞ «የኦቦ ቶሎሳ አማች ለሠርጉ ብሎ ዝናቡን ታንዛኒያ አስቀምጦታል» የሚል ስልክ ለለሊሴ ተደወለላት።

መጀመሪያ ላይ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ አለኝ። አምቦ ጎረቤቶቼ ብርድ ልብስ ከማጠባቸው በፊት «ቲቸር፣ ልጠበው?» ብለው ይጠይቁኛል። አንጋጥጬ አይና፣ አገጬን አሻሽቼ «እጠቡት» እላለሁ። ይደርቃል። በርበሬ ያሰጡ ይጠይቁኛል። «አስጡ!» ይደርቃል። ጥርና የካቲት ላይ አይዘንብም ማለት ድንጋይ አይጮኽም እንደማለት ነው፤ ግን የሚመሰገን ሰው ይህን ያስተውላል? የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እንኳ አንዱ የሒሳብ መምህር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለቅዳሜ እንዴት ነው?» ብሎኛል። የሒሳብ መምህር!

ያልተደነቀችብኝ ለሊሴ ብቻ ናት። «ቁልፍህን የት እንዳስቀመጥክ አታውቅም» ትለኛለች፤ «ደመና የት እንዳለ ታውቃለህ?»

የካቲት እያለቀ ሲሄድ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። በጋው ጠና። ደንዲ ላይ ሣሩ አረረ፣ ከብቱ ከሳ፣ የድንች ማሳ የሚያለሰልሰው ጠብታ ጠፋ። አንድ ቀን ጊንጪ ስወርድ የኦቦ ቶሎሳ ጎረቤት አዴ ብርቂ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ደግ አሮጊት ናቸው፣ ሁሌ ጉንጬን ስመው ነበር የሚለቁኝ። ያን ቀን አልሳሙኝም።

«አንተ ሰውዬ!» አሉ፤ «ላሜ ነጠፈች!»

«ምነው አዴ ብርቂ፣ ምን ነካት?»

«ምን ነካት ይለኛል እንዴ? ለአንዲት ልጅ ሠርግ ብለህ አገሩን ታደርቀዋለህ? ዳራት፣ ማንም አልከለከለህም! ግን ትንሽ... ለሣሩ እንኳ... ማታ ማታ ብታካፋልን ምን አለበት?»

ክው አልኩ። ካልዘነበ አገሩ ይረግመኛል፤ ከዘነበ አማቶቼ ይረግሙኛል። ሰኔና ሰኞ ይሏችኋል ይሄ ነው፤ ያውም በየካቲት!

የባሰው ደግሞ ጸሎቱ ነው። የኦቦ ቶሎሳ ቤተ ክርስቲያን እሁድ እሁድ «ጌታ ሆይ ዝናብ ስጠን» ብሎ ይጸልያል። እኔ ደግሞ አምቦ ላይ፣ ፆሜን ይዤ፣ በማለዳ ነጠላዬን ለብሼ፣ «አምላኬ ሆይ፣ ሠርጉ እስኪያልፍ ብቻ» እላለሁ። ሁለታችንም ወደ አንድ አምላክ ነው የምናመለክተው። ልዩነቱ... እነሱ ብዙ ናቸው፣ ያውም እየዘመሩ ነው።

ሠርጉ ደረሰ። ጠዋት ሰማዩ እንደታጠበ ብርጭቆ ጥርት ብሏል። ቃል ኪዳኑ በሰላም ተፈጸመ፣ ሙሽሮቹ ተባረኩ፣ ምሳው ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ቀረበ። ቤተ ክርስቲያኑ ወፍራም ሸራ ድንኳን ነበረው፤ የሠርጉ ኮሚቴ ግን «ቲቸር ካለ ሸራ ምን ያደርጋል?» ብሎ ከአምቦ ስስ፣ ነጭና ሐምራዊ የዲኮር ጨርቅ አስመጥቷል። እኔና ፆመኛ የሥራ ባልደረቦቼ ጥግ ላይ የፆም ጠረጴዛ ተሰጥቶን ሽሯችንን እንበላለን። በአጠገቤ የሚያልፍ ሁሉ ትከሻዬን መታ ያደርጋል።

«ቲቸር፣ ይዘኸዋል አይደል?»

«ይዤዋለሁ!» እላለሁ፤ በስርቆት ወደ ሰማይ እያየሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሙሽሮቹ ሊነሡ ሲሉ፣ በደንዲ ተራራ በኩል አንዲት ደመና አየሁ። ትንሽ ናት። የበግ ግልገል ታክላለች። ዘወር ብዬ ሽሮዬን አጠቀስኩ። ቀና ስል... በግ ሆናለች። ደግሜ ሳያት በሬ ሆናለች፤ ያውም ጥቁር በሬ! ኦቦ ቶሎሳ ፊታቸውን ወደ ተራራው አድርገው ተቀምጠዋል። ምን ላድርግ? ሄጄ ፊት ለፊታቸው ተገተርኩ።

«ሶዳ፣ ምነው ጋረድከኝ?»

«ፀሐይ እንዳይመታዎት ነው።»

«ፀሐይ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

መልሴን ሳልሰጥ ነጎድጓዱ መለሰልኝ። ከዚያ... ምኑን ልንገራችሁ! መጀመሪያ በረዶ መጣ። ስሱ ጨርቅ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ታች ተነፋ፣ ተነፋ፣ ከዚያ ሐምራዊው ከነውሃው ኮሚቴው ላይ ወረደ። ወንበር ተገለበጠ። ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ሆዱ ውስጥ አስገብቶ ሮጠ። እኔ? እኔ የፆም ጠረጴዛው ሥር ነኝ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል!

እርግማን ነበር የምጠብቀው። ጆሮዬን ይዤ ስጠባበቅ ግን የሰማሁት እልልታ ነው! ጠረጴዛው ሥር ሆኜ አጮልቄ ባይ፣ አዴ ብርቂ ጫማቸውን አውልቀው ዝናቡ መሃል እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይዘላሉ። «ዋቀዮ ገለቶሚ!» ይላሉ፤ አምላክ ተመስገን ማለታቸው ነው። ሰው ሁሉ ከተጠለለበት እየወጣ ዘለለ። የሠርግ ልብስ የለበሰው፣ ከረባት ያሰረው፣ ኮሚቴው ሳይቀር!

«ቲቸር ለቀቀው!» አለ አንዱ።

«ሠርጉ ሲያልቅ ጠብቆ ለቀቀው!» አለ ሌላው። ከጠረጴዛው ሥር ጎትተው አውጥተው ተሸከሙኝ። ይሄውላችሁ፣ ሰው ያላጠፋውን ሲወቀስ ያማል፤ ያልሠራውን ሲመሰገን ግን እንዴት ደስ ይላል!

ደስታዬ በሩ ድረስ ነው የቆየው። በር ላይ አበባ የተለጠፈባት የሙሽራ መኪና ኮትቻው ውስጥ እስከ ሆዷ ገብታለች። ሲፈን ነጭ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ታለቅሳለች። አብዲ የዓይን አፋርነቱን ረስቶ በከረባቱ መኪና ይገፋል። ለሊሴ እኔን ባየች ጊዜ... አያድርስባችሁ። በሬ አመጡ። በሬዎቹ በጋው ያከሳቸው ናቸው፤ እነሱ መኪናዋን አዩ፣ መኪናዋ እነሱን አየች፣ ማንም ንቅንቅ አላለም።

«የእጃጂ ሰዎች ምን ይላሉ?» ትላለች ሲፈን፤ «ገና ሳልገባ ቀረች ተብዬ!»

ልቤ ተሰበረ። ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀ። ያቺ ልጅ አማቶቿ ደጅ የምትገባው አንድ ጊዜ ነው፣ ያንን አንድ ጊዜ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስልኬ ጮኸ። የአብዲ አባት ኦቦ ሁንዴ ናቸው፣ ከእጃጂ። ለልጃቸው ሳይሆን ለእኔ ነው የደወሉት።

«ቲቸር የምትባለው አንተ ነህ?»

«አዎ ኦቦ ሁንዴ... ይቅርታ፣ በጣም ነው የማዝነው...»

«ዝናቡን የለቀቅከው አንተ ነህ አሉ።»

«ኧረ እኔ አይደለሁም...»

«ታዲያ እጃጂ ምን በደለችህ?» ብለው ጮሁ። «እዚህ እኮ ጠብ አላለም! ምራቴንም አስቀረህብኝ፣ ዝናቡንም አስቀረህብኝ! ልጅቷስ ግድ የለም፣ ነገ ትመጣለች፣ ድግሱን ለሁለት ቀን እንበላዋለን። ዝናቡን ግን ከእሷ ጋር ላክልን!»

ሲፈን ድምፃቸውን ሰምታ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እኔም ትንፋሽ ወጣልኝ። «ዛሬ አትሄድም» ተባለ። ሙሽራው ከነሚዜው በአማቱ ቤት አደረ፤ ይሄ እንግዲህ በአገሩ ደንብ ተሰምቶ አያውቅም። ሱፉ ስለረጠበ የኦቦ ቶሎሳን የቆየ ካፖርትና ቦት ጫማ አልብሰውት፣ አብዲ አማቱ ፊት በአማቱ ካፖርት ውስጥ ተሸሽጎ፣ እንጀራውን የሚቆርሰው ዓይኑን ከትሪው ሳያነሣ ነበር።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይቅርታ ልጠይቅ ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሲፈን ቀሚሷን ቀይራ፣ የአባቷን ጋቢ ለብሳ፣ ትከሻቸው ላይ ጭንቅላቷን አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ዝናቡ አልፎ ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ ይላል።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አፌ ቀድሞኝ ነው።»

«ቀስ በል፣ ትነቃለች» አሉኝ። ጋቢውን ትከሻዋ ላይ አስተካከሉላት። «ለምኑ ነው ይቅርታ የምትለው? አንድ ማታ ጨመርክልኝ።»

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ሽማግሌው...

«እንደሚዘንብ ያውቁ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ምድርን ውሻ በልቷት የለ?» ፈገግ አሉ። «ግን ያን ዕለት አንተ አይዘንብም ስትል ተስፋ አደረግሁ።»

«እኔ ስል?»

«ሶዳ... ያሸንፋሉ ያልካቸው አሸንፈው ያውቃሉ?»

በማግስቱ ኮትቻው ጠጠር ሲል ሙሽሮቹ ሄዱ። ኦቦ ቶሎሳ መኪናዋ አስፋልት እስክትገባ አጥሩን ይዘው ቆመው ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ ሰማይ ከክፍል ውጭ አንድ ቃል እንዳልተነፍስ ለለሊሴ ቃል ገባሁ፤ ብርድ ልብስ የሚያጥብ በራሱ ይጠብ!

ቃሌን ጠብቄ ነበር... እስከ ትናንት። ትናንት ከሰዓት ኦቦ ቶሎሳ ደወሉ። አሁን ጥቅምት ነው፤ ሰማዩ ጥርት፣ ማሳው በጤፍ ቢጫ ሆኗል።

«ሶዳ፣ ሲፈን ልትጠይቀኝ ልትመጣ ነው።»

«እንኳን ደስ ያለዎት!»

«መጥታ በዚያው ቀን ትመለሳለች አሉ። አታድርም።» ድምፃቸው ወረደ። «ለእህቷ ደውላ ሰማዩ እንዴት ነው ብላ ትጠይቃለች። አንተ ስልኩን ተቀበልና አይዘንብም በላት።»

«ኦቦ ቶሎሳ! ጥቅምት እኮ ነው! ጤፍዎ ሊታጨድ ደርሷል። ዝናብ ቢመጣ ሙልጭ አድርጎ ነው የሚያበላሽብዎት!»

ገበሬ ናቸው፤ ጤፋቸውን እየተመለከቱ እንደሚናገሩኝ ታውቆኛል።

«ጤፉን ከርሞ እዘራዋለሁ» አሉኝ። «አንተ ብቻ በላት።»

ማታ ለሊሴ ከእህቷ ጋር ስታወራ ስልኩን ከእጇ ተቀበልኳት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ሲፊ! ጃንጥላም፣ ቦት ጫማም እንዳትይዢ» አልኳት። «በእኔ ይሁንብሽ፣ ጠብ አይልም!»